በጠባብ በጀት የጌሚንግ ኮምፒውተር ዕቃ አመራረጥ፦ ከስክሪኑ እስከ ፓወር ሰፕላዩ

ገንዘብ ቆጥቦ የጌሚንግ ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው ብዙ ጊዜ የሚከስረው ደካማ ዕቃ ገዝቶ አይደለም፤ የማይመጣጠኑ ዕቃዎች ገዝቶ ነው። ጠንካራ ፕሮሰሰር ከደካማ ግራፊክስ ካርድ ጋር ሲጣመር ሥራ ፈቶ ካርዱን ይጠብቃል። ጥሩ ካርድ ደግሞ አንድ ቁራጭ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ብቻ ባለው ማሽን ላይ ሲሰካ ጌሙ ይቆራረጣል። በሁለቱም ጊዜ የከፈላችሁበት አቅም ማነቆ ላይ ታስሮ ይቀራል።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተሬን ስገጣጥም የጀመርኩት ከፕሮሰሰሩ ነበር። ስምንት ኮር (የሥራ ክፍል) ያለው ገዛሁ፣ ለእሱ የሚመጥን ውድ ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ጨመርኩበት፣ የተረፈኝ ገንዘብ የበቃኝ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ካርድ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የአቅሙን ግማሽ እንኳ ሳይሠራ ከባድ ጌሞች በሴኮንድ ከ40 ፍሬም (ምስል) አያልፉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለራሴም ሆነ ለጓደኞቼ ስገጣጥም የምከተለው ቅደም ተከተል ከዚህ በታች ያለው ነው። ዕቃዎቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ስለማይለወጥ ደረጃዎቹን ባትዘሉ እመክራለሁ።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑንና ጌሙን ወስኑ

የግራፊክስ ካርድ ሥራ በስክሪኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፒክሰል በሴኮንድ ብዙ ጊዜ መሳል ነው። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክሰል ይሆናል። 1440ፒ ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳል። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ነው፤ የ1080ፒ ልክ አራት እጥፍ ማለት ነው። በጀቱ ከጠበበ ምርጫው 1080ፒ ነው፣ ይህን ሳትጨነቁ ወስኑት። ቤት ውስጥ 4ኬ ቴሌቪዥን ስላለ ብቻ ለ4ኬ የሚሆን ማሽን ለመገጣጠም የሚነሳ ሰው ሌላውን ዕቃ ሁሉ ያደኸያል።

ቀጥሎ ስክሪኑ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ እዩ። 60 ኸርዝ የሆነ ስክሪን በሴኮንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይም፤ ካርዱ 150 ቢያወጣ የምታዩት 60 ነው። እንደ ቫሎራንት፣ ካውንተር-ስትራይክ 2 ወይም ፎርትናይት ያሉ የፉክክር ጌሞችን የምትጫወቱ ከሆነ 144 ኸርዝ ስክሪን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ አንድ ፍሬም ስክሪኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ16.7 ሚሊሴኮንድ ወደ 7 ገደማ ይወርዳል። ታሪክ ያላቸውን ትልልቅ ጌሞች በዝግታ ለሚጫወት ሰው ግን 60 ወይም 75 ኸርዝ ይበቃዋል፣ የተረፈው ገንዘብም ካርዱ ላይ ቢውል ይሻላል። ስክሪን የምትገዙ ከሆነ ፍሪሲንክ ወይም ሌላ ተለዋዋጭ የማደስ ፍጥነት ያለው ምረጡ። ፍሬሙ ወደ 50 ሲወርድ ስክሪኑም አብሮ ስለሚወርድ ምስሉ መሃል ለመሃል አይሰነጠቅም፤ ደካማ ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

አሁን ወረቀት አውጡና በብዛት የምትጫወቱትን ሦስት ጌም ጻፉ። የፉክክር ጌሞች ፕሮሰሰርን ይፈትናሉ፤ ሰፊ ዓለም ያላቸው፣ ብርሃንና ጥላቸው የበዛ ጌሞች ካርዱን ያደክማሉ። ስለ አንድ ዕቃ የሙከራ ውጤት ስታነቡም ሆነ ስታዩ አማካይ ፍሬሙን ብቻ አትመልከቱ። ከጎኑ «1% ዝቅተኛ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ጌሙ በከበደ ሰዓት ስንት ላይ እንደሚወርድ ይነግራችኋል። አማካዩ 90 ሆኖ ዝቅተኛው 30 የሆነ ማሽን ይቆራረጣል፤ አማካዩ 75፣ ዝቅተኛው 60 የሆነው ግን እጅ ላይ ለስላሳ ነው።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ሳትገዙ ክፈሉት

ያላችሁን ጠቅላላ ገንዘብ 100 አድርጋችሁ ውሰዱ። እኔ የምከፍለው እንዲህ ነው፦ ለግራፊክስ ካርድ 40፣ ለፕሮሰሰር 18፣ ለማዘርቦርድ 11፣ ለራም 9፣ ለኤስኤስዲ (ጌሞቹ የሚቀመጡበት ፈጣን ማከማቻ) 8፣ ለፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ መብራት የሚያከፋፍለው ሳጥን) 8፣ ለኬዝ 6። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ከዚህ ውጭ ናቸው። ቁጥሮቹ እንደ ገበያው ሁለት ሦስት ነጥብ ቢንሸራተቱ ችግር የለውም፤ ራም የሚወደድበት ወቅት አለ፣ ካርድ የሚረክስበትም አለ። አንድ መስመር ብቻ አትንኩ፦ የፓወር ሰፕላዩን። ምክንያቱን በደረጃ 8 እነግራችኋለሁ።

ገንዘቡ ለካርድ ጭራሽ የማይበቃ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ውስጡ በቂ ግራፊክስ የተገነባለት ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ ራይዘን 5 5600ጂ ወይም ከእሱ በጣም የሚሻለው ራይዘን 5 8600ጂ፣ ያለ ካርድ ቀላል ጌሞችን ያጫውታል፤ ካርዱ በኋላ ይጨመራል። ይህን ከመረጣችሁ የራሙ ደረጃ እጥፍ አስፈላጊ ይሆናል፤ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው የሚጠቀመው የእናንተን ራም ነው።

ደረጃ 3፦ ግራፊክስ ካርዱ

እዚህ ቆም ብለን እንድናይ እፈልጋለሁ፤ ትልቁ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ነው፣ ትልቁ ስህተትም የሚሠራው እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስለ ካርዱ የራሱ ሜሞሪ፣ ማለትም ቪራም። ጌሙ የግድግዳውን፣ የልብሱን፣ የፊቱን ምስል ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል። ሲሞላ ካርዱ የጎደለውን ከኮምፒውተሩ ራም ማምጣት ይጀምራል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ጌሙ እያፍታው ይቆማል። ለዛሬ ጌሞች በ1080ፒ ዝቅተኛው የምቀበለው 8 ጊጋባይት ነው። 12 ከተገኘ ይሻላል። 4 ጊጋባይት ያለው ካርድ ለቀላል የፉክክር ጌሞች ብቻ ካልሆነ በስተቀር አይገዛም።

መንገዱ ጠባብ ነው ያልኩት በምሳሌ ይገለጽ። የኤኤምዲው ካርድ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ 4 ጊጋባይት ቪራም አለው፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በአራት መስመር ብቻ ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው የካርድና የማዘርቦርድ መገናኛ 4.0 በሆነበት ማዘርቦርድ ላይ አራቱ መስመሮች በሴኮንድ ወደ 8 ጊጋባይት ያስተላልፋሉ። በቆየ፣ 3.0 በሆነ ማዘርቦርድ ላይ ግን ይህ በግማሽ ይወርዳል። እንግዲህ ቶሎ የሚሞላ ቪራም ያለው ካርድ ላይ ጠባብ መንገድ ሲጨመርበት አስቡት። ካርዱ ርካሽ በመሆኑ የቆየ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች ይገዙታል፤ የሚጎዳው ደግሞ እነሱን ነው። የስምንት መስመር ካርዶች፣ ለምሳሌ አርኤክስ 6600 እና የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 4060፣ በ3.0 ላይ የሚያጡት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ስለሆነ አያስጨንቁም።

ሁለተኛው ጉዳይ የስም ወጥመድ ነው። አምራቾች አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ካርዶች ይሰጣሉ፣ ካርቶኑ ላይ የሚለየው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት የሜሞሪ መስመሩ ስፋት 192 ቢት ነው፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ባለ 8 ጊጋባይቱ ግን 128 ቢት ነው፣ ስለዚህም ይዘገያል። አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 እና ባለ 6 ጊጋባይት አለው፤ ባለ 6ቱ ሜሞሪው ብቻ ሳይሆን ኮሮቹም አንሰዋል፣ ከ2560 ወደ 2304። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይቱም እንደዚሁ ኮር ተቀንሶለታል። አርኤክስ 580 «2048ኤስፒ» የሚል ከተጨመረበት ትክክለኛው 580 አይደለም፤ ትክክለኛው 2304 ኮር አለው። ጂቲ 1030 ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፦ ጂዲዲአር5 የሚባል የሜሞሪ ዓይነት ያለው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያነባል፣ ዲዲአር4 ያለው 17 እንኳ አይሞላም። ይህ ሁለተኛው ለጌም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ስለዚህ ሻጩን «3060 ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «3060 ባለስንት ጊጋባይት፣ ባለስንት ቢት?» በሉት።

ታዲያ የትኛውን? በአዲስነት ለተገዛ የጠባብ በጀት ማሽን አርኤክስ 6600 ለረጅም ጊዜ መነሻዬ ሆኖ ቆይቷል፤ 8 ጊጋባይት አለው፣ የሚበላው ከፍ ሲል 132 ዋት ነው፣ አንድ ባለ 8 ፒን ኬብል ይበቃዋል። አርቲኤክስ 4060 ከእሱ ይፈጥናል፣ በ115 ዋት ይሠራል፣ ዲኤልኤስኤስንም ይጨምራል፤ ዲኤልኤስኤስ ጌሙን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ ወደ ትልቁ የሚያሳድግ ዘዴ ሲሆን የሚሠራው በአርቲኤክስ ካርዶች ላይ ብቻ ነው። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ከጌም ሌላ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ምስል ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። የኢንቴሉ አርክ ቢ580 12 ጊጋባይት ይዞ ለዋጋው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን «ሪሳይዘብል ባር» የሚባለው፣ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚቀድመው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የሚከፈትና ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርግ አማራጭ የግድ ያስፈልገዋል፣ ከአሮጌ ፕሮሰሰር ጋር ሲጣመርም አቅሙን ይቀንሳል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ማሻሻያ ከሆነ አልመርጠውም።

ያገለገለ ካርድ መግዛት የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እንዲያውም በጠባብ በጀት ላይ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ሲሠራ ሳታዩ አትክፈሉ። ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ከባድ ጌም ወይም የሙከራ ፕሮግራም ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይሂድ። ስክሪኑ ላይ የማይገቡ ነጠብጣቦች፣ መስመሮች ወይም ብልጭታ ካያችሁ ተዉት። ፋኖቹ ይንኳኳሉ? እያንዳንዱ የስክሪን መሰኪያ ይሠራል? ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የኮር ቁጥሩን፣ የሜሞሪውን ዓይነትና የመስመሩን ስፋት አነጻጽሩ፤ የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለና ፕሮግራሙ ብዙዎቹን አስመሳዮች ለይቶ ይናገራል። ካርዱ ክሪፕቶ ሲያመርት ኖሯል የሚለው ብቻውን አያስፈራኝም። የሚደክመው ፋኑና ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ነው፣ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ በ20 ደቂቃው ሙከራ ሙቀቱ ልክ ከሆነ እገዛዋለሁ።

ዕድሜውንም እዩ። ኤንቪዲያ ለጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጌሞች የሚስተካከሉ ድራይቨሮችን ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ በስሌት የመከተል ዘዴ) የሚችል ካርድ ከሌለ ጭራሽ የማይከፈቱ ጌሞችም መምጣት ጀምረዋል። ጂቲኤክስ 1070ን የመሰለ ካርድ ዛሬም የሚጫወተው ብዙ ነገር አለ፤ ግን ለወደፊት እያሰባችሁ አትግዙት።

ደረጃ 4፦ ፕሮሰሰሩ

ካርዱ ከታወቀ በኋላ ፕሮሰሰር መምረጥ ይቀላል፤ ካርዱን የማያስጠብቅ ከሆነ በቂ ነው። ለዛሬ ጌሞች ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ (ፕሮሰሰሩ በአንዴ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) ልኩ ነው። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 እና የኢንቴሉ ኮር አይ5 12400ኤፍ ሁለቱም ይህን ያሟላሉ፣ ከላይ ከጠራኋቸው ካርዶች ከየትኛውም ጋር ይሄዳሉ። ከዚህ ዝቅ ማለት ግድ ከሆነ ባለ አራት ኮሩ አይ3 12100ኤፍ አለ። ኮሮቹ ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ፈጣን ናቸው፤ ከጌሙ ጎን ብሮውዘርና የድምፅ ንግግር የምትከፍቱ ከሆነ ግን ትጨናነቃላችሁ።

ከ5600 አጠገብ 5500 የሚባል አለ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ይለያያሉ፣ ሁለቱም ስድስት ኮር ናቸው። ብዙ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። 5600 32 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ ሲኖረው 5500 ያለው 16 ነው፤ 5500 ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0ንም አይደግፍም። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ እጁ ሥር የሚያስቀምጣት ትንሽ ሜሞሪ ናት፤ የምትፈለገው መረጃ እዚያ ከሌለች ወደ ራም መሄድ አለበት፣ ራም ደግሞ ለፕሮሰሰር ሩቅ ነው። ጌም ጥቃቅን መረጃዎችን ደጋግሞ ስለሚጠይቅ ካሽ ከሌሎች ሥራዎች ይበልጥ ይጠቅመዋል። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ 5600ን ውሰዱ።

በስሙ መጨረሻ ያሉት ፊደሎች ትርጉም አላቸው። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለ ግራፊክስ የለውም፤ ካርድ ካልተሰካ ስክሪኑ ጥቁር ነው። «ኬ» ፍጥነቱን ከተወሰነለት በላይ ማሳደግ ይቻላል ማለት ነው፣ ለእኛ በጀት አያስፈልግም። ኤኤምዲ ላይ «ጂ» ጠንከር ያለ ግራፊክስ አለው ማለት ነው። ሌላም ጠይቁ፦ ፕሮሰሰሩ በካርቶኑ ነው ወይስ ያለ ካርቶን? 5600ም ሆነ 12400ኤፍ በካርቶን ሲመጡ ማቀዝቀዣቸው አብሮ አለ፣ እሱም ይበቃል። ያለ ካርቶን የሚሸጠው ርካሽ የሚመስለው ማቀዝቀዣው ስለጎደለ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ከራይዘን 2000 ተከታታይ በታች አትውረዱ። ዊንዶውስ 11 ከዚያ በታች ያሉትን በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። የኤኤም4 (5600 የሚገባበት የፕሮሰሰር ሶኬት) ፕሮሰሰር ፒኖቹ ራሱ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፤ ገልብጣችሁ በብርሃን ፊት አንድም የታጠፈ አለመኖሩን እዩ።

ደረጃ 5፦ ማዘርቦርዱ

እዚህ በጣም መቆጠብ ይቻላል። ማዘርቦርድ ፍሬም አይጨምርም። ለ5600 ቢ550 የተባለው ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን አቅም የሚወስነው ቺፕ) ምርጡ ነው፣ ኤ520 እና ቢ450ም ይሠራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ናቸው። ለ12400ኤፍ ኤች610 ይበቃል፤ የራም መሰኪያው ሁለት ብቻ መሆኑን ግን አትርሱ። አራት የፈለገ ሰው ወደ ቢ660 ይውጣ።

ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የራሙ ዓይነት፦ የኤልጂኤ 1700 (12400ኤፍ የሚገባበት ሶኬት) ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ ሌሎቹ ዲዲአር5 ይቀበላሉ፣ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ሁለተኛ፣ የባዮስ ዕድሜ፦ ቢ450 ማዘርቦርድ ሲወጣ 5600 ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ባዮሱ ካልታደሰ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ሻጩ አድሶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ወይም ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ባዮስ ማደስ የሚችል ማዘርቦርድ ምረጡ። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ የኤም.2 መሰኪያ (ኤስኤስዲ የሚሰካበት) ይኑረው።

በኋላ ለማሻሻል ይመቸኛል ብሎ ውድ ማዘርቦርድ መግዛት ላም አለኝ በሰማይ ነው። በጀቱ ትንሽ ከተላወሰና ለወደፊት ማሰብ ከፈለጋችሁ ማዘርቦርዱን ከማስወደድ ይልቅ ሶኬቱን ቀይሩ፦ ኤኤም5 በሚባለው የኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት ላይ ራይዘን 5 7500ኤፍ ወይም 7600 ይዛችሁ ጀምሩ። ዲዲአር5 የግድ ስለሚል ጠቅላላው ይወደዳል፤ በኋላ ግን ፕሮሰሰሩን ብቻ አንስቶ አዲስ መተካት ይቻላል።

ደረጃ 6፦ ራም

16 ጊጋባይት፣ ሁለት ባለ 8። አንድ ባለ 16 አይደለም። ዲዲአር4-3200 አንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሲሆን 51.2። ፕሮሰሰሩ ሁለት መንገድ ተሰጥቶት አንዱን ዘግታችሁ መተው የለባችሁም። ጓደኛዬ «በኋላ ሌላውን እጨምራለሁ» ብሎ በአንድ ቁራጭ ሲጫወት ቆይቶ ሁለተኛውን ባስገባን ቀን ካርድ የቀየረ ነበር የመሰለው፤ በተለይ መቆራረጡ ጠፋ።

አራት መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ የሚሰኩት አጠገብ ለአጠገብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ለኤኤም5 ዲዲአር5-6000 ልኩ ነው። ቀለማት የሚያበሩትን ተዉአቸው። 32 ጊጋባይት በአንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ይጠቅማል፤ ግን ከካርዱ ገንዘብ ተቀንሶ አይገዛም።

ደረጃ 7፦ ኤስኤስዲ

አጭር ነው። ሃርድ ዲስክ ለዛሬ ጌም አይሆንም፣ ለፊልምና ለፎቶ ማከማቻ ካላችሁ አቆዩት። ኤንቪኤምኢ (በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚገናኝ) የሆነ ባለ 1 ቴራባይት ኤም.2 ግዙ፤ አንድ ትልቅ ጌም ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊይዝ ስለሚችል 500ው ቶሎ ይሞላል። የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0ው በሴኮንድ ወደ 3500 ሜጋባይት ያነባል፣ ሳታ በሚባለው በቆየው መገናኛ የሚሠራው ወደ 550፤ ጌም ሲከፈት ልዩነታቸው ቁጥሩ የሚያስመስለውን ያህል አይደለም፣ ስለዚህ ለ4.0 እና ለ5.0 ተጨማሪ አትክፈሉ። ኤም.2 ቅርጹ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም፤ በዚያው ቅርጽ የሚሸጥ ሳታም አለና ጽሑፉን አንብቡ።

ደረጃ 8፦ ፓወር ሰፕላይ

ሁለተኛውን ማሽኔን ስገጣጥም ገንዘቡ አልቆብኝ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ ጎኑ ላይ «600 ዋት» የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። አራት ወር ሠራ። አንድ ማታ ጌም እየተጫወትኩ ድርግም አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ሲከፈት ማዘርቦርዱም አብሮ ሞቷል። የቆጠብኩት ገንዘብ የማዘርቦርዱን ሩብ አይሆንም። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ ብቻውን ነው የሚበላሸው። ፓወር ሰፕላይ ግን ከሁሉም ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሲሄድ ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው የእሱን ድርሻ አትንኩ ያልኳችሁ።

ጥሩውን ከመጥፎው የምትለዩበት ማንም ሰው የሚችለው ዘዴ አለ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ እዩ። +12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን የአምፒር ቁጥር በ12 አባዙት። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከዚህ መስመር ነው፣ ስለዚህ እውነተኛው አቅም ይህ ነው። 45 አምፒር ከሆነ 540 ዋት ይሰጣል፤ «550 ዋት» የሚል ጽሑፍ ካለው ቃሉን ጠብቋል። «600 ዋት» ተብሎ 25 አምፒር ብቻ ከተጻፈ ግን የምትገዙት 300 ዋት ነው። የእኔው የተቃጠለው ላይ ይህን ማየት የቻልኩት ከሞተ በኋላ ነበር።

ስንት ዋት ያስፈልጋል? አርኤክስ 6600 132፣ ራይዘን 5 5600 ከፍ ሲል 76፣ ለቀሪው ሁሉ 50 ብትሉ ወደ 260 ይመጣል። ካርዶች ለቅጽበት ከዚህ በላይ ስለሚስቡና ወደፊት ካርድ ልትቀይሩ ስለምትችሉ ጥሩ 550 ዋት ትክክለኛው ምርጫ ነው። 750 አያስፈልግም። ከጥሩ 550 እና ከመጥፎ 750 መካከል ሁልጊዜ 550ውን ምረጡ።

«80 ፕላስ» የሚለው ምልክት የሚናገረው ከግድግዳው ከሚስበው መብራት ምን ያህሉ ሳይባክን ለኮምፒውተሩ እንደሚደርስ ነው። ብሮንዝ ከነጩ ይሻላል፤ ግን የመከላከያ ሰርኪዩቱን ጥራት አይመሰክርም። የዋስትና ዘመኑን እዩ፤ አምስት ዓመት የሚሰጥ አምራች በዕቃው ይተማመናል። ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 ፒን ኬብል ከራሱ ከፓወር ሰፕላዩ መውጣት አለበት፤ አንዱ እስከ 150 ዋት ይሰጣል፣ መሰኪያው ራሱ 75 ይጨምራል። ከሌላ ዓይነት ገመድ የሚቀጥል አስማሚ አትጠቀሙ። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ኬብል በፍጹም አትሰኩ፤ ጫፉ ቢገባም ውስጡ ያለው የፒን አደራደር ይለያይና ዕቃ ያቃጥላል።

ደረጃ 9፦ ኬዙ፣ የሁሉም ልኬት

የፊቱ ክፍል መረብ የሆነ፣ ፊት አንድ ኋላ አንድ ፋን ያለው ኬዝ ይበቃል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ አየር ግን አያስገባም፣ ካርዱም ሲሞቅ ራሱን ያዘገያል። ሦስት ልኬት አረጋግጡ፦ የካርዱ ርዝመት፣ የማቀዝቀዣው ቁመት፣ ማዘርቦርዱ ኤቲኤክስ ነው ወይስ ማይክሮ ኤቲኤክስ።

አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመርም ርካሽ መንገድ ነው። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት ክፈቱት። ብዙዎቹ ላይ ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ የአምራቹ የራሱ ቅርጽ ስለሆኑ በሌላ አይተኩም፣ ለካርድ የሚሆን ባለ 8 ፒን ኬብልም የላቸውም። እንዲህ ሲሆን ከመሰኪያው ብቻ የሚመገብ ካርድ ያስፈልጋል፤ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን ከላይ ብነቅፈውም 70 ዋት ብቻ ስለሚበላ ለዚህ ዓይነቱ ማሽን ተመራጭ ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነውን ፈልጉ።

ደረጃ 10፦ ከተገጣጠመ በኋላ

ዕቃው ሁሉ ልክ ሆኖ አቅሙ የሚባክንባቸው አራት ቦታዎች አሉ። የስክሪኑ ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይሰካ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የሚለውን፣ ኤኤም5 ላይ ኤክስፖ የሚለውን ክፈቱ፤ ካልተከፈተ 3200 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ይሠራል። እዚያው ሳላችሁ ሪሳይዘብል ባርን አብሩት። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ የስክሪኑን ቅንብር ከፍታችሁ 144 ኸርዝን ምረጡ፤ ራሱ ሁልጊዜ አይመርጠውም፣ ወራት ሙሉ በ60 የሚጫወት ሰው አይቻለሁ።

የፉክክር ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ባዮስ ውስጥ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የደህንነት አማራጮች መከፈታቸውንም እዩ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ እንደ ቫሎራንት ያሉት ያለ እነሱ አይነሱም። ሊኑክስ ለመጫን የምታስቡም የጌማችሁ ማጭበርበሪያ መከላከያ እዚያ ላይ እንደሚሠራ ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ አይሠሩም።

በመጨረሻ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና የካርዱን የሥራ መጠን ጌሙ ላይ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። የፍሬም ገደብ ሳይደረግ ካርዱ 97 ወይም 99 በመቶ ላይ ከቆመ ማነቆው እሱ ነው፣ ጥራቱን ዝቅ ስታደርጉ ፍሬሙ ይጨምራል፤ ከዓመት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ የሚቀየረውም እሱ ነው። ካርዱ 60 በመቶ ላይ ሆኖ ፍሬሙ አልጨምር ካለ ግን ጥራቱን ብትቀንሱም ለውጥ አይኖርም። ያን ጊዜ አዲስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ራሙ ተመለሱ፣ ሁለት መሆኑንና በሙሉ ፍጥነቱ መሥራቱን እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ተራው የፕሮሰሰሩ ነው።